አረፋህን አትቅደም

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ስለገጠሙ ጀልባዋ ላይ ከነበርነው ሦስት ሰዎች አንዳችንም ቀን ቀን እህል አንቀምስም፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰይድና ናኹዳ ሑመድ እስከ መግሪብ። ዓሣ እያደነ ዓሣ የማይበላ፣ ባሕር ላይ እየዋለ ውሃ የማይቀምስ ሰው ካለ እኛ ነበርን። ነፋሱ ጋብ ብሏል። ከጅቡቲ ዳርቻ እስከ ደሴቶቹ ድረስ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም ብሎ ተኝቷል። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው፤ ገና በጠዋቱ የጀልባዋ ጠርዝ እጅ ያቃጥላል።

«በለጠ ሻርክ ገድሏል» እያላችሁ እንደምታወሩ ሰምቻለሁ። አልገደልኩም። ወሬ ከዚህ ከአንኮበር ተነሥቶ አልዩ አምባ ገበያ እስኪደርስ ቀንድና ጅራት ያወጣል። እንግዲህ ከባለቤቱ ስሙት፤ በተለይ በዚያ መንገድ ልትወርዱ ቦርሳ ያዘጋጃችሁት ሁለታችሁ ጆሯችሁን አቅኑ።

ሰይድን ታውቁታላችሁ፤ የአልዩ አምባው ሰይድ ነው። እኛ ደጋው ጫፍ ላይ፣ እነሱ ከእግራችን ሥር፤ አርብ አርብ ገበያቸው ስንወርድ አብረን ያደግን የወንዝ ልጆች ነን። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። ሰይድም ሙያውን ትቶ ቢሰደድም ጣቱ ክር አልረሳም፤ የተወሳሰበ ገመድ ሲሰጡት ፊቱ ይፈካል። ጅቡቲ አብረን የወረድነው ወደብ ላይ ጭነት እንሠራለን ብለን ነው። ወረቀት የለንም፤ ፖሊስ ባየን ቁጥር ግድግዳ እንታከካለን። በመጨረሻ ያስጠጋን ናኹዳ ሑመድ ነው። ናኹዳ እዚያ አገር የጀልባ አለቃ ማለት ነው። ሑመድ አፋር ነው፣ ሸምግሏል፤ በልጅነቱ ባቲ ገበያ ስለተመላለሰ አማርኛውን አሳምሮ ይናገራል። ውሃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ማደን ያስተማረን እሱ ነው።

ዕቃውን ልንገራችሁ። ጀርባህ ላይ አየር የታመቀበት የብረት ሲሊንደር ታዝላለህ። ከሲሊንደሩ በሚመጣው ቱቦ ጫፍ ላይ በጥርስ የሚነከስ ጎማ አለ፤ የምትተነፍሰው በሱ ነው። ወገብህ ላይ የእርሳስ ቀበቶ ትታጠቃለህ፣ አለዚያ እንደ ቡሽ ትንሳፈፋለህ። ዓይንህንና አፍንጫህን የሚከድን መነጽር አለ፣ እግርህ ላይ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ መቅዘፊያ ታጠልቃለህ። መሣሪያው በላስቲክ ተወጥሮ የሚፈተለክ ጦር ነው፤ ጦሩ በረጅም ሲባጎ ከመያዣው ጋር ታስሯል። የቀረህን አየር የሚያሳይ መለኪያም አለ፤ የኔው መርፌው ከደረቀ ቆይቷል፣ በግምት ነበር የምገባው። ይኼን ስናገር ዛሬ ራሴንም ያመኛል።

ሑመድ አንድ ነገር ብቻ ነበር እንደ ዳዊት የሚደግምልን። «ስትወጣ አረፋህን እይ። አረፋህ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ አይቀደምም። እሱ ይምራ፣ አንተ ቀስ ብለህ ተከተል» ይለናል። አንድ ቀን «ብቀድመውስ?» አልኩት። «ደምህ ይፈላል» አለኝ። ሳቅሁበት። ደም ሲፈላ የማውቀው ሰው ሲናደድ ነው።

ያን ቀን አንድ ሆቴል ለሰርግ ትልቅ ዓሣ ፈልጓል። ትልቅ ዓሣ ደግሞ አውቃለሁ። ከደሴቱ በስተጀርባ ድንጋዩ በድንገት ያልቅና ልክ እንደ ጣርማ በር ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሥሩ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ጥቁር ነው። እዚያ ገደል ላይ ባለ አንድ ዋሻ አፈ ሰፊ፣ ከንፈረ ወፍራም፣ ቡናማ ዓሣ ይኖራል። «ጥጃው» እንለዋለን፣ ጥጃ ያክላላ። ብዙ ጊዜ ሞክሬው አምልጦኛል።

ሰይድ በረመዳን አይጠልቅም። «ባሕሩ አፌ ከገባ ጾሜ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ አረፋዬን ይጠብቃል። እኔ ጠዋት አንድ ሲሊንደር ጨርሼ ወጣሁ፤ ጥጃው የለም። ጥቂት አርፌ ሌላ አዘልኩ፤ አሁንም የለም። ሑመድ «ይበቃሃል፣ ባዶ ሆድህን ነህ» አለ። ደጋ ያደገ ሰው እልሁ መጥፎ ነው። ሦስተኛውን አዘልኩ።

ባሕር ዱካ የለውም ይላሉ፣ ውሸት ነው። በሦስተኛው ስወርድ የዋሻው አፍ ላይ አሸዋው በመጥረጊያ እንደተጠረገ ሆኖ አገኘሁት፤ ትልቅ ገላ ሲገባና ሲወጣ እንዲያ ያደርገዋል። ደጃፉ ላይ የሸርጣን ቅርፊት ተሰባብሮ ወድቋል፣ ስብራቱ ገና ነጭ ነው። ከጥርሱ ሥር ትርፍራፊ የሚለቅሙለት ደቃቅ ዓሦችም አፉ ላይ ይርመሰመሳሉ። ባለቤቱ ቤት ነው። ድንጋይ ተደግፌ ትንፋሼን ቀነስኩና ጠበቅሁ። ሲወጣ መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ታየኝ። ጦሩን ለቀቅሁት። ከጆሮ ግንዱ ኋላ ገባ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። ባሕር ውስጥ መፎከር ቢቻል ፎክሬ ነበር።

ጥጃው ወደ ዋሻው ተመልሶ መግባት ፈልጎ ነው መሰል ዞሮ ዞሮኝ ቁልቁል ተወረወረ፤ ሲባጎው በግራ ቁርጭምጭሚቴና በአንድ የድንጋይ ጥርስ ላይ ተጠመጠመ። ጎተተኝ። እግሬ ከድንጋዩ ጋር ታሰረ፣ ጭንቅላቴ ወደ ገደሉ ተዘቀዘቀ። ቢላዬን ዳበስኩ፤ ከሰገባው ወድቋል። ጎንበስ ብዬ ልፈታው ስል ዓሣው እንደገና ይጎትታል፣ ሲባጎው ሥጋዬ ውስጥ ይገባል። በየጉተታው አየር አባክናለሁ። ጎማውን ስስበው እንደ ደረቀ ጡት እምቢ ማለት ጀመረ።

በዚህ መሃል ደቃቆቹ ዓሦች ጠፉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ መብራት እንደ ጠፋ። ጅብ ሲመጣ የመንደር ውሻ ዝም የሚልበትን ሰዓት ታውቁት የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ቀና ስል ከሰማያዊው ውስጥ አፈ ድፍን፣ ጎኑ እንደ ጅብ ሽንትርትር ያለ ሻርክ ብቅ አለ። ከኛ ጀልባ ቢረዝም እንጂ አያጥርም። አልቸኮለም። አንድ ጊዜ በሩቅ ዞረ። ሁለተኛው ዙር ጠበበ። ደሙ የዓሣው ይሁን የእግሬ እሱ ለይቶ አይጠይቅም።

ዓይን ዓይኑን እያየሁ ባዶውን የጦር መያዣ ዘረጋሁበት። መጣ፤ መያዣውን በአፍንጫው ገፍቶ ደረቴን መታኝ። ጎማው ከአፌ ወጣ። ጎኑ ጭኔን ሲያልፍ ቆዳው እንደ ሞረድ ላጠኝ። ጎማውን እንደምንም ዳብሼ ነከስኩት፣ አንዴ ሳብኩ፣ አለቀ። ምንም የለውም። እዚያ ላይ እናቴ ትዝ አለችኝ። አባቴ ቆላ ቀን ሥራ ወርዶ በንዳድ ነው የሞተው፤ «ደጋ ቢያደርሱልኝ ኖሮ አይሞትም ነበር» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አሁን እኔም ከቆላ በታች፣ ከባሕር በታች ልሞትባት ነው። ተስፋ ቆረጥኩ። ልጆቼ፣ ተስፋ መቁረጥ የሚጮህ አይምሰላችሁ፤ ዝም ያለ ነገር ነው።

ያኔ ሰይድ ከላይ መጣ።

ኋላ እንደነገረኝ አረፋዬን ሲያይ መጀመሪያ ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ አለ፣ ከዚያ ቀጠነ። አዳኝ በዱካ እንደሚያውቅ እሱም በአረፋ አወቀ። ጾሙን ትቶ፣ ትርፉን ሲሊንደር አዝሎ ዘለለ። የራሱን ጎማ ከአፉ አውጥቶ አፌ ላይ ጫነልኝ። ሁለቴ ሳብኩ፣ መለስኩለት። ሁለቴ ሳበ፣ ሰጠኝ። ሻርኩ እየዞረን ነው። ሰይድ ግን ዞር ብሎ አላየውም፤ እግሬ ሥር ተንበርክኮ ሲባጎውን መዳበስ ጀመረ። ቢላዋ እንኳ አላወጣም። በጣቱ እየተከተለ ጫፉን ይፈልጋል፣ ልክ አባቱ ድርና ማግ ሲያያዝባቸው እንደሚያደርጉት። እኔ በልቤ «ቁረጠው!» እያልኩ እጮኻለሁ። የተወጠረ ሲባጎ ቢቆረጥ ተፈናጥሮ ማንን እንደሚመታ እሱ ያውቃል።

ሻርኩ በመጨረሻው ዙር ጥጃውን ወሰደው። አንድ ጊዜ ነከሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሲባጎው ላላ። በዚያች ቅጽበት ሰይድ ቀለበቷን ከእግሬ አወለቃት። ጦሩም፣ መያዣውም፣ ዓሣውም ወደ ጥቁሩ ሄዱ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ አደን ነበር። ሰይድ ክንዴን ይዞ በእጁ «ቀስ፣ ቀስ» አለኝ፤ አንድ ሲሊንደር ለሁለት እየተነፈስን ከአረፋው ኋላ መውጣት ጀመርን። ጥቂት ወጥተን ወደ ታች ሳይ ያ ሽንትርትር ጎን ከሥራችን ሲያልፍ አየሁ። ምኑንም ምኑንም ረሳሁ። የሰይድን እጅ አስለቅቄ ወደ ብርሃኑ ቀዘፍኩ። ሰይድ እግሬን ሲይዘኝ መቅዘፊያው በእጁ ቀረ። አረፋዬን በግራና በቀኝ እያየሁት አለፍኩት፤ አንድ በአንድ፣ ሽማግሌ እየገፈተርኩ። ወጣሁ። አየር! ሰማይ! ሑመድ በብብቴ ይዞ ጎትቶ ጀልባዋ ላይ ጣለኝ። ሰይድም ቆይቶ፣ በሥርዓቱ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ» አለና ተዘርሮ ወደ ሰማይ እያየ፣ «ጾሜን አስፈታኸኝ፣ ምትኩን፣ ቀዷውን፣ አንተ ትጾምልኛለህ» አለኝ። ሳቅን። ሑመድ ግን አልሳቀም። «ቀድመሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቀድሜያለሁ» አልኩት። የውሃ ጀሪካኑን ሰጠኝና «ጠጣ» አለ። ፀሐይዋን አየሁ፤ ገና ዘጠኝ አልሆነም። «እጠብቃለሁ» አልኩ። ሞቶ የተነሣ ሰው ለእግዜሩ ቢያንስ ሰዓት ማክበር ያለበት መስሎኝ ነበር። ሑመድ በአፋርኛ ተሳደበ።

ዘጠኝ ሳይሆን ትከሻዬ ውስጥ ያመኝ ጀመር፣ አጥንቱን እየቦረቦሩ ይመስል። ቆዳዬን አሳከከኝ። ወደብ ስንደርስ ከጀልባዋ ለመውረድ ብነሣ ግራ እግሬ የኔ አልሆነም፤ ጉንዳን ወረረው። ሑመድ ክንዴን ጨብጦ «ስማኝ፣ ለጠላቂዎች ሕክምና ያለበት ቤት አለ። አሁኑኑ እንሂድ» አለ። «ወረቀት ይጠይቁኛል፣ ያስሩኛል» አልኩት። «ይሰሩህ! እስረኛ ቆሞ ይሄዳል» አለኝ። አልሰማሁትም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉታል፤ እኔ የፈራሁት ፖሊሱን ነበር፣ መፍራት የነበረብኝ ሌላ ነገር ኖሯል። በዚያ ላይ ከእናቴ የወረስኩት አንድ እምነት ነበረኝ፤ ቆላ የያዘውን ሰው ደጋ ያስለቅቀዋል። የናንተም እናቶች ይኼንኑ ነው የሚሏችሁ። ሰይድም የዚሁ አገር ልጅ ነውና «ይሁን፣ አገር ገብተህ ብርድ ሲነፍስብህ ይሻልሃል» አለኝ።

ጋሽ ተፈራ የሚባሉ የደብረ ሲና ሰው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ለደብረ ብርሃን ፋብሪካ ዕቃ ጭነው ሊወጡ ሲሉ አገኘናቸው። ከኋላቸው ባለችው መኝታ ላይ አስተኙኝ፤ ሰይድም አብሮኝ ተሳፈረ። የአፋርን በረሃ ስናቋርጥ አመመኝ እንጂ የባሰ አልነበረም። ባቲን አልፈን የኮምቦልቻን ዳገት ስንይዝ ሁለቱም እግሮቼ ደነዘዙ፣ ወገቤን እንደ ገመድ ያጠብቀኝ ጀመር። ጋሽ ተፈራ «አይዞህ አንተ ልጅ፣ ደጋው እየቀረበ ነው» ይሉኛል። ከዚያ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ አየሁት፣ ጣቴን ማንቀሳቀስ ቻልኩ። «አገር ሸተተህ!» አለ ሰይድ። ተቃቀፍን። ሸዋ ሮቢት ላይ ሻይ ጠጣሁ፤ ይኼ ሁሉ ሆኖ ውሃ መሰል ነገር ደህና አድርጌ ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነበር።

የደብረ ሲና ዳገት ሲጀምር አለቀልኝ። እግሮቼ ሄዱ፤ ታፋዬን በጥፍሬ ብቧጭር የሌላ ሰው ሥጋ ነው። ሽንቴ እምቢ አለኝ። ከከተማው አልፈን ጉሙ ውስጥ ስንገባ፣ ጎህ ሲቀድ መሆኑ ነው፣ ደረቴ ተጨመቀ። አየር አለ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ የጣርማ በር አየር በመስኮት ይገባል፣ እኔ ግን ልክ እዚያ ገደል ሥር እንዳለቀብኝ ጎማ ነው የምስበው። ጋሽ ተፈራ የመኪና መንገዱ ዋሻ አፍ ላይ ሲደርሱ የሰይድን ጩኸት ሰምተው መኪናውን አቆሙ።

ሰይድ ፊቴን አየ፣ ዳገቱን ዞሮ አየ። ክር የሚፈታ ሰው የሚይዘውን ፊት ያዘ። «ባቲ ላይ ስንወጣ ባሰህ» አለ። «ሮቢት ስንወርድ ተሻለህ። አሁን ስንወጣ ገደለህ። በለጠ፣ ደጋው ነው የሚገድልህ። እስካሁን እየወጣህ ነው። ከአረፋህ ቀድመህ እየወጣህ ነው!»

ሑመድ የነገረን ነገር የገባን እዚያ ጉም ውስጥ ነው። መውጣት ከባሕር ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካ ከባሕር ወጥተንም መውጣታችንን አላቆምንም ነበር።

«ተመለሱ ጋሼ» አለ ሰይድ። እኔ መሪውን የያዙትን እጃቸውን ያዝኩ። ለመንኳቸው። «ጋሼ ስለ እግዚአብሔር፣ አገሬ ደርሼያለሁ። ደብረ ብርሃን አንድ እፍኝ መንገድ ናት። ከዚያ አንኮበር ነው። እናቴን አንዴ ልያት። አባቴ ቆላ ቀርቷል፣ እኔን አታስቀሩብኝ።» አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋሽ ተፈራም ዓይናቸውን ጠረጉና «ልጁ አገሬ ልሙት እያለ እኮ ነው ሰይድ፣ ይኼን እንዴት እንከለክለዋለን?» አሉ።

«ወላሂ አይወጣም!» አለ ሰይድ። «ሬሳውን ለእናቱ ላስረክብ ነው እንዴ የወረድኩለት? ጾሜን የፈታሁት ለዚህ ነው?» ከመኪናው ዘሎ ወርዶ አስፋልቱ መሃል ቆመ፣ እጁን ዘርግቶ። ቁልቁል የሚወርድ ፒክአፕ ካልቆመለት ሊዳጥ ቆርጧል። በግ የጫነ ሰውዬ ፍሬን ያዘ። በጎቹ መሃል አጋደሙኝ። ስንዞር የደጋውን ጫፍ ጉሙ ገለጥ አድርጎ አሳየኝና መልሶ ሸፈነው። ከዚያ ባሕር ውስጥ እንኳ እንደዚያ አልጨለመብኝም።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ባለበጉ ሰውዬ ሮቢት ካደረሰን በኋላ ሰይድ በባቲ መመለስን እምቢ አለ፤ ዳገት አለውና። በአፋር ቆላ በጥርጊያ መንገድ፣ አንድም ኮረብታ ሳያወጣ፣ ከመኪና መኪና እየለመነ ባሕሩ ዳር መለሰኝ። ሕክምና ቤቱ በር ላይ ወረቀት ሲጠይቁት «ወረቀት የለንም፣ ሰው ግን አለን። ሰውየውን ያዙና እኔን እሰሩኝ» አላቸው። አንጠልጥለው አስገቡኝ።

እንደ ነዳጅ ቦቴ ያለ የብረት ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። በአየር ግፊት ወደ ጥልቁ መልሰው፣ ቀስ እያሉ፣ ለቀናት እየደጋገሙ አወጡኝ። ሐኪሙ በአስተርጓሚ «ለስላሳ ጠርሙስ በጥድፊያ ሲከፈት አይተሃል? ደምህ ያ ነበር። አንተ ደግሞ ተራራ ላይ ወስደህ ክዳኑን ጭራሽ ወረወርከው» አለኝ። ቀኙ እግሬ ተመለሰ። ግራው ይሄዳል፣ ግን ከጉልበት በታች ሙቀት አያውቅ፣ ብርድ አያውቅ፣ እጅ ቢነካው አያውቅ። «ለወራት ደጋ እንዳትወጣ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ሰይድ በአዋሽ በኩል በቆላው መንገድ አልዩ አምባ፣ አባቱ ቤት አመጣኝ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አንኮበርን ቀና ብዬ አያታለሁ። ጠዋት ጭስ ሲወጣ አያለሁ። የእናቴን ቤት ጭስ የለየሁ ይመስለኛል። አልወጣም። እሷም አባቴ ከሞተ ወዲህ ቆላ ወርዳ አታውቅም፤ አርብ ገበያ እንኳ እኛን ትልካለች እንጂ እሷ ከዳገቱ አፍ አትወርድም። ቆላውን እንደ ባለደም ነው የምታየው። ልጅሽ እዚያ አለ ብለን ለመላክ ከሰይድ ጋር ስንከራከር ሰነበትን።

ወሬ ቀደመን። አንድ ጠዋት ነጠላዋን አሸርጣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ከዳገቱ ስትወርድ አየኋት። አንዲት ሴት ናት ብዬ አልጠረጠርኩም፤ አረማመዷን ሳየው ነው ያወቅኋት። እኔ መውጣት ያቃተኝን እሷ ወረደችው። ሰይድ በርጩማ ይዞ ሮጠ። አልተቀመጠችም። ፊቴን አልሳመችም፤ ጋቢውን ገልጣ ቀጥታ እግሬን ያዘች። ግራውን። በሁለት እጇ ታሸው ጀመር።

«ይሰማሃል?» አለችኝ።

እጇን አያለሁ። ጣቶቿ ሥጋዬ ላይ ሲሰምጡ አያለሁ። ሰይድ የሚያውቀውን ስለሚያውቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይሰማኛል እማዬ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄደዋል። ወደዚህ የወጣሁትም በየመንደሩ እያደርኩ፣ አረፋ የሚመራኝ ይመስል ቀስ ብዬ ነው። ከአደኑ የቀረኝ ይኼ ከዘራና የሑመድ ቃል ነው። እናንተም ውረዱ አልላችሁም፣ ቅሩ አልላችሁም፤ ከወረዳችሁ ግን መውጫውን ዛሬ ተማሩት፣ ወረቀት ብትፈሩም ሐኪም አትፍሩ። አሁን ተነሡ፣ መሽቶባችኋል። እናቴም ቅቤዋን አሙቃ እየጠበቀችኝ ነው። ማታ ማታ ያንን እግር ታሻልኛለች። ዓይኗ ፈዟል፣ እጇ ግን አልደከመም። ዛሬም «ይሰማሃል?» ትለኛለች፣ ዛሬም ይሰማኛል እላታለሁ።